«ላፕቶፕህ ምንድን ነው?» «ጥቁር ነው»

መጀመሪያ ጥፋቴን ልናዘዝ። አንድ ጥገና ቤት ስልክ ደውዬ ያልኩት እንዲህ ነው፦ «ላፕቶፔ አይሠራም፣ ስንት ነው?»

ወዲያ ማዶ ለአፍታ ጸጥ አለ። ከዚያ አንድ ረጋ ያለ ድምፅ «ላፕቶፕህ ምንድን ነው ወንድሜ?» ሲለኝ «ጥቁር ነው» አልኩት። ጥቁር ነው! ከጀርባው ሳቅ ተሰማኝ። እኔ እንግዲህ 11 ዓመት በሒሳብ ሥራ የቆየሁ ሰው ነኝ፤ ቢሮ ውስጥ የሰው ጥያቄ ሰምቼ ዓይኔን የማፈጥ፣ «ይሄን ደግሞ ማን ላከብኝ» የምል። ስልኩን ዘግቼ ብቻዬን አፈርኩ። ቢሆንም ሄድኩ። ጥሩ አደረግኩ።

ጥገና ቤቱ ያለው ብሔራዊ ቴአትር አካባቢ ነው። ቴአትር ቤቱ አጠገብ ካለው የአንበሳ ሐውልት በእግር አምስት ደቂቃ ቢፈጅ ነው። በባቡር የሚመጣ ስታዲየም ወይም ለገሃር ይወርዳል። ሁለተኛ ፎቅ ላይ ነው፣ ሊፍቱን አትመኑት። በሩ ላይ «የሞባይልና የላፕቶፕ ጥገና» ከሚል ወረቀት በቀር ስም የለም። ድሮ ፒያሳ ነበሩ አሉ፤ በ2016 ሰፈሩ ሲፈርስ ዕቃቸውን ሸክፈው እዚህ ገቡ። አግዳሚው ላይ ከተቀመጠው ሰው ግማሹ ከፒያሳ ተከትሏቸው የመጣ ነው። ይህን ስሰማ ነው ልቤ ትንሽ ያረፈው።

ምክንያቱም አንዴ ልበላ ነበር። ሌላ ቦታ፣ የት እንደሆነ አልናገርም፣ አንዱ ላፕቶፑን ከፈት አድርጎ አየና «ማዘርቦርዱ ተቃጥሏል» አለኝ። እንዴት አወቅክ ስለው «ይሸታል» አለ። እኔም ጠጋ ብዬ አሸተትኩ። የሸተተኝ ጠረጴዛው ላይ ያለው የሱ ሽሮ ነው። 18 ሺህ ብር ጠራብኝ። «ላስብበት» ብዬ ዕቃዬን ይዤ ወጣሁ።

እዚህ ባለቤቱን ሁሉም «ጋሼ» ነው የሚሏቸው። መጀመሪያ ያነሱት ብሎን መፍቻ አይደለም፣ ጥያቄ ነው።

«ከመጥፋቱ በፊት መብራት ሄዶ ነበር?»

«አዎ ጋሼ፣ ሄዶ መጣ።»

«ዲቫይደር ላይ ነበር የሰካኸው?»

«ዲቫይደር ላይ።»

«አሁን ስትከፍተው ፋኑ ይዞራል?»

«ይዞራል። ስክሪኑ ነው ጥቁር የሆነው።»

ከመነጽራቸው በላይ ቀና ብለው አዩኝ። «እ... ጥቁር ነው ያልከው አንተ ነህ?»

ልጆቹ በሳቅ ተንከተከቱ። እኔም ሳቅኩ፣ ምን አደርጋለሁ።

ከዚያ ሥራ ተጀመረ። አንድ ነጭ ወረቀት ላይ የላፕቶፑን ጀርባ በእስክሪብቶ ሣሉ። እያንዳንዱን ብሎን ሲፈቱ፣ ከወጣበት ቦታ ትይዩ ወረቀቱ ላይ በፕላስተር ይለጥፉታል። የሕፃን ጨዋታ ይመስላል። ነገሩ ግን ወዲህ ነው፦ የስልክም የላፕቶፕም ብሎኖች ቁመታቸው እኩል አይደለም። ረጅሙን አጭሩ ቦታ አስገብቶ ያጠበቀ ሰው ቦርዱን ሊወጋውና ውስጥ ያለችውን ፀጉር የምታክል መስመር ሊበጥሳት ይችላል። ያኔ ነው እውነተኛው በሽታ የሚጀምረው። የኔው ላይ አንድ ብሎን ጭራሽ የለም፣ አንዱ ደግሞ የሌላ ማሽን ነው። ጋሼ ይቺን ባዕድ ብሎን በመቆንጠጫ ይዘው ወደ መብራቱ ከፍ አደረጓትና «ይቺ ያሸተተልህ ሰውዬ ቅርስ ናት» አሉኝ።

ቀጥለው ራሙን፣ ማሽኑ ሲሠራ የሚያስታውስበትን ቁራጭ፣ ነቀሉት። መሳቢያ ከፈቱ። ያወጡት ላጲስ ነው፣ ልጄ ትምህርት ቤት የምትይዘው ዓይነት፣ ጥጉ የጠቆረ። የራሙን ወርቃማ ጥርሶች በላጲሱ ቀስ እያሉ ፈተጉ፣ ፍርፋሪውን በብሩሽ አራገፉ፣ አልኮል በነካ ጥጥ አበሱና መልሰው ሰኩት። ጠቅ አለ። ማብሪያውን ነኩት። ስክሪኑ ላይ የልጄ ፎቶ መጣ።

«መብራቱ አይደለማ» አልኳቸው።

«ምስኪን መብራት ኃይል፣ ዛሬ እንኳን ነፃ ወጣ» አሉ።

አቧራና እርጥበት ጥርሶቹን አልብሷቸው ኖሯል፤ ራሙ ካልተነበበ ደግሞ ፋኑ ቢዞርም ስክሪኑ አይመጣም። ሁሉም የጠፋ ላፕቶፕ በላጲስ ይድናል ብላችሁ ቤታችሁ እንዳትጀምሩት፣ እኔን ተቆጥተውኛል። ቴርማል ፔስት (ሙቀት የሚያሳልፈው ቅባት) ተቀይሮ፣ ፋኑ ተጠርጎ፣ ብሎኖቹ ተሟልተው፣ ቫትን ጨምሮ 1,150 ብር ከፈልኩ። በቴሌብር፣ ከደረሰኝ ጋር።

አሁን ወደ አግዳሚው ልመልሳችሁ፣ የቤቱ ጣዕም እዚያ ነውና። ወረፋ የሚጠብቀው አብዛኛው ባለሙያ ነው። ሻይ ይመጣል። አንዱ ይጀምራል፣ ሌላው ይቀበላል።

ያን ቀን አንዲት ፋርማሲስት ነበረች። በቀን ስንት ሰው «ያቺን ነጯን ክኒን ስጪኝ» እንደሚላት ቆጥራ መተዋን ነገረችን። «ነጭ ያልሆነው ይቀለኛል» አለች። አሞክሳሲሊን አራት ፍሬ ብቻ የሚጠይቅም አለ፣ እንደ ማስቲካ። ይቺን ስትናገር ሳቋን አቆመች፤ የተጀመረ መድኃኒት ሐኪሙ ባለው ቀን ልክ ካላለቀ ጀርሙ እየለመደው እንደሚሄድ ለማስረዳት ጉሮሮዋ ደርቋል። ከዚያ ደግሞ የራሷን ሰዎች አነሳች። አንድ ማዘዣ ጽሑፉ አልነበብ ቢላት ሐኪሙ ዘንድ ይዛው ሄደች። ሐኪሙ ገልብጦ፣ ዘቅዝቆ አየውና «ማነው የጻፈው?» አላት። ራሱ ነው የጻፈው።

ጥግ ላይ የነበረው መሐንዲስ ሻዩን አስቀመጠ። እሱን ደግሞ ባለ ቤቶች የሚጠይቁት አንድ ነው፦ «ኢንጂነር፣ ይቺ ኮለን ሳሎኔን አጠበበችብኝ፣ ብትነሳስ?» ቤቱን የተሸከመችው ምሰሶ ብትነሳማ ሳሎኑ ይሰፋል፣ እስከ ሰማይ ድረስ ነው የሚሰፋው። ሌላው ደግሞ ስላብ በተሞላ በሦስተኛው ቀን ፑንቴሎውን፣ ስላቡን ከሥር የደገፈውን፣ ነቅሎ ለሌላ ሳይት አከራይቶት አገኘው። የኮንክሪት ጥንካሬ የሚለካው በ28 ቀኑ ነው ቢለው «ታዲያ ሲሚንቶው ፎርጅድ ነዋ!» ብሎ ጮኸበት።

እኔም ዝም አላልኩም። «ቫት የምከፍለው ካተረፍኩ ነው አይደል?» የሚለኝን ደንበኛ ነገርኳቸው። ከሱ የባሰው ግን ባለሙያ ነኝ የሚለው ነው። ቫት የገባበትን ዋጋ ይዞ እንደገና 15 ከመቶ ያወጣለታል። 1,150 ብር ውስጥ ያለው ቫት 150 ነው፣ ለ1.15 አካፍሎ የወጣውን 1,000 ከ1,150 መቀነስ ነው ሥራው። እሱ ግን 1,150ውን በ15 ከመቶ አባዝቶ 172 ብር ከ50 ይልሃል፣ ያውም በድፍረት፣ ያውም ማህተም አድርጎ። ጋሼ ከወዲያ ሆነው ጭንቅላታቸውን እየነቀነቁ በጣም ሳቁ። ይቺን ሳቅ ያዙልኝ።

ልጆቹ ደግሞ ደብተር አላቸው። ጠርዙ የተበላ፣ ትልቅ የመዝገብ ደብተር፣ ሽፋኑ ላይ የሻይ ብርጭቆ ክብ ያተመበት። ከፊት «ደንበኛ» ይላል። የሰው ጥያቄ ነው የሚመዘገበው፣ ከነቀኑ፣ ያለ ስም። «ቻርጀሬን ረስቼ መጣሁ፣ በብሉቱዝ ቻርጅ አድርጉልኝ።» «የይለፍ ቃሉን አላስታውስም፣ ግን አንተ ስታየው ታውቀዋለህ።» ሩዝ ብቻውን ሁለት ገጽ ይዟል። እኔ እያለሁ እንኳ አንድ ልጅ ውሃ የገባበት ስልክ ይዞ መጣ፣ ሦስት ቀን ሩዝ ውስጥ አሳድሮታል። ቴክኒሺያኑ ቻርጀሩ የሚሰካበትን ቀዳዳ በማጉያ አየና ምንም ሳይል መቆንጠጫውን አስገብቶ አንድ ፍሬ ሩዝ አወጣ። ሙሉ ፍሬ። ጠረጴዛው ላይ አስቀመጣትና «ወጥ ይምጣ?» አለ። ስቆ ሲጨርስ ግን በደንብ አስረዳው፦ ሩዙ ስልኩ ሆድ ውስጥ የገባውን ውሃ አይመጥም፤ ሦስቱን ቀን ውሃው ቦርዱን ሲያዝገው ነው የከረመው። አጥፋው፣ ቻርጅ አታድርገው፣ በዕለቱ አምጣው። በቃ።

ደብተሩን ከኋላ ስትገለብጡት ደግሞ «እኛ» ይላል። የራሳቸው ስህተት ነው። እውነቴን ነው፣ ወፍራሙ በዚህ በኩል ያለው ነው። «ስክሪን ቀይረን፣ አጣብቀን፣ ጠርገን ከጨረስን በኋላ ካሜራው ጠረጴዛው ላይ ቀርቶ አገኘነው።» «ስልኩ አይሞላም ብለን ግማሽ ቀን ቦርድ ስንመረምር ዋልን፤ የግድግዳው ማብሪያ ጠፍቶ ነው።» «የሁለት ደንበኞች ሲም ተቀያየረብን፤ አንደኛው ሙሉ ቀን የሌላውን እናት ሲያናግር ውሎ፣ ማታ እራት ተጠርቷል።» ይህን ገጽ ካየሁ በኋላ ነው ላፕቶፔን ትቼላቸው ለመሄድ የደፈርኩት። ያ ያሸተተው ሰውዬ እንዲህ ያለ ደብተር ቢኖረው ኖሮ አንድ መስመር እንኳ አይጽፍበትም ነበር።

ቅሬታ የለኝም ማለት አይደለም። «ነገ ና» ካሏችሁ በነሱ ካላንደር ሦስት ቀን ማለት ነው። ደውላችሁ ካልጨቀጨቃችሁ ማንም አያስታውሳችሁም።

ሌላው ግን ከበድ ይላል። ዕቃዬን ልወስድ ስመለስ ነጠላ የለበሱ አንድ እናት ነበሩ። ጋሼ አልነበሩም። ስልካቸው ሞቷል፣ ውስጡ የሟች ባለቤታቸው ፎቶ አለ። «ልጄ፣ ፎቶዎቹ ሲሙ ላይ ይኖሩ ይሆን? ሲሙን አውጥቼ ልውሰደው?» አሉ። አንዱ ተለማማጅ እጁን ወደ ደብተሩ ሲልክ አየሁት። አልጻፈም፣ ሳቁ ግን አመለጠችው። እኔም ፈገግ ብያለሁ፣ ልዋሽ አልችልም። እናትየዋ የነጠላቸውን ጫፍ ያዝ አድርገው ዝም አሉ። የ«ጥቁር ነው» ሳቅ እኔን አልጎዳኝም፤ እኔ ደመወዝተኛ ጎረምሳ ነኝ፣ የጠፋብኝም የሒሳብ ፋይል ነው። ይሄ ሌላ ነው። ጋሼ ሲመጡ ነገርኳቸው። ልጁን ወደ ውስጥ ጠሩት፣ ምን እንዳሉት አልሰማሁም፤ ሲወጣ ግን ለእናትየዋ ሻይ አዝዞ ስልኩን ራሱ ይዞ ተቀመጠ። ፎቶው ይውጣ አይውጣ ሳላውቅ ነው የወጣሁት።

መጨረሻ ላይ የቢሮዬን አሮጌ ላፕቶፖች እንዲያዩልን ፕሮፎርማ ጠየቅኳቸው። ጋሼ ቁጭ ብለው በእጃቸው ጻፉ። ጠቅላላ ዋጋ ቫትን ጨምሮ 11,500 ብር። ከሥሩ አስምረው «በውስጡ ያለ ቫት፦ 1,725» ብለው ፈረሙና፣ ማህተሙን ድብን አድርገው መትተው ሰጡኝ።

ወረቀቱን አየሁት። እሳቸውን አየኋቸው። «ጋሼ፣ ባለፈው አግዳሚው ላይ ሳወራ ሲስቁ አልነበር?»

«አዎ፣ እንዴት ያለ ነፈዝ ነው ብዬ።»

1,725ቷን በጣቴ ነካሁላቸው። ትንሽ አፈጠጡባት። ለ1.15 ሲያካፍሉ ከንፈራቸው ሲንቀሳቀስ ይታያል። 10 ሺህ። 1,500። መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጴዛው ላይ አኖሩና ወደ ውስጥ ተጣሩ፦

«አንተ! ደብተሩን አምጣ። በኋላ በኩል።»

ራሳቸው ጻፉት፣ ከነቀኑ። እግረ መንገዴን ከፊት በኩል ገልበጥ አድርጌ የኔን ፈለግኩ። አለች፦ «ላፕቶፕህ ምንድን ነው? ጥቁር ነው።» አጠገቧ በቀይ እስክሪብቶ ኮከብ አድርገውባታል።

እሑድ ዝግ ናቸው። ስትደውሉ ሞዴሉን ከጀርባው ላይ አንብባችሁ ደውሉ።