ፈረንጅ አራዳ ያለችው የአሮጌ መጽሐፍ ሱቅና የሐዲስ ጎጃም

ፈረንጅ አራዳ አካባቢ አሮጌ መጽሐፍ የሚሸጡ አንድ ጋሼ አሉ። ሱቋ ስም የላትም። ሁለት ሰው ከገባ ሦስተኛው በር ላይ ቆሞ ይጠብቃል። እኔ ግን ጅማ ውስጥ መጽሐፍ የምገዛው እዚያ ነው።

ባለፈው ወር የሄድኩት የሐዲስ ዓለማየሁን ልብ ወለድ፣ «ፍቅር እስከ መቃብር»ን ፍለጋ ነው። ከሌላ ቦታ አዲስ ብዬ የገዛሁት ኮፒ ተደርጎ የተጠረዘ ሆኖ፣ ግማሹ ላይ ሳልደርስ ቅጠሉ እየተላቀቀ እጄ ላይ ቀረ። በጣም ነው የተናደድኩት። ጋሼ ያወጡልኝ በክር የተሰፋ፣ ጠርዙ ቡናማ የሆነ አሮጌ ጥራዝ ነው። ሁለት ቅጠል ጎድሎት ነበር። ከሌላ ሰው መጽሐፍ ላይ ኮፒ አስደርገው፣ በልኩ ቆርጠው ቦታው ላይ ለጥፈውታል። «እዚህ ጋ ስትደርስ እንዳትደነግጥ» ብለው ገልጠው አሳዩኝ። ዋጋው ወደድ ይላል። ተከራከርኩ፣ አልቀነሱም። አሁን ሳየው ያወጣል።

ከዚያ ወሬ ተጀመረ። ታሪኩን ከዚህ በፊት የማውቀው በሬዲዮ ትረካ፣ በወጋየሁ ንጋቱ ድምፅ ነው። ማንኩሳም ዲማም ደራሲው የፈጠሯቸው የቦታ ስሞች ይመስሉኝ ነበር። ጋሼ የብቸና ሰው ናቸው፣ ጅማ የመጡት በጉብዝናቸው ቡና ለቀማ ነው። «ምን ነካህ ልጄ! ዲማ እኮ አገራችን ነው፣ ጊዮርጊስን በእግሬ ሄጄ ስሜዋለሁ» አሉኝ። ሐዲስ ዓለማየሁ በ1902 ደብረ ማርቆስ አጠገብ፣ እንዶዳም ኪዳነ ምሕረት ነው የተወለዱት። የቤተ ክህነት ትምህርታቸውንም ደብረ ኤልያስ፣ ደብረ ወርቅና እዚያው ዲማ ተማሩ። ይህን ካወቅኩ በኋላ የታሪኩን ዋና ሰው በዛብህን እንደገና አነበብኩት፣ እና ያ ቅኔ ፍለጋ ከደብር ደብር የሚዞር ልጅ ከእናት ከአባቱ ርቆ ያደረበት ቦታ ሁሉ ደራሲው ራሳቸው ያደሩበት ሆኖ ታየኝ። መጽሐፉ የታተመው በ1958 ነው። ሰውየው ያኔ የጣሊያንን እስር አይተዋል፣ በዲፕሎማትነት ብዙ አገር ዞረዋል። ልባቸው ግን ጎጃም ነበር። ደግሞ አገሬ ነው ብለው አላባበሉትም። ፊታውራሪ መሸሻን ከነኩራታቸው፣ ጉዱ ካሳን ከነብስጭቱ አቁመውልናል። አገሩን የማይወድ ሰው እንዲህ አይቆጣም።

ጋሼ የነገሩኝ ሌላም አለ፣ ለእኛ ለጅማ ሰዎች የሚቀርብ። ሐዲስ በጣሊያን ወረራ ጊዜ ከራስ እምሩ ጦር ጋር ነበሩ። ያ ጦር ከጎጃም ተነስቶ ሽሬ ተዋግቶ፣ መጨረሻው በ1929 እዚሁ ጎጀብ ወንዝ ላይ ሆነ። ከጅማ ወደ ቦንጋ ስሄድ ድልድዩን ስንት ጊዜ ተሻግሬዋለሁ! አንድም ቀን ዞር ብዬ አላየሁትም። ጋሼ ይህን ሲነግሩኝ መጽሐፉን ደረታቸው ላይ ይዘውት ነበር።

መሄድ የምትፈልጉ ከሰዓት በኋላ ሂዱ። ዝናብ ከጣለ ጣሪያው ስለሚያፈስ በላስቲክ ሸፍነው ይዘጋሉ፣ በዚህ በጅማ ዝናብ ደግሞ ሁለቴ ተመልሻለሁ። መደርደሪያው ቅደም ተከተል የለውም፣ አቧራም አለ። ራሳችሁ ከመፈለግ ይልቅ ጠይቋቸው፣ ሳያዩ እጃቸውን ሰደድ አድርገው ያወጡላችኋል። እኔ ሌላውን የሐዲስ ልብ ወለድ፣ «የልምዣት»ን አዝዣለሁ። ስሜን ደብተራቸው ላይ ጽፈውታል፣ ከእኔ በፊት አንድ ሰው አለ።