ሙዚቃን ከሌላ ትምህርት ጋር ለመማር፦ ያሬድ፣ ኦበርሊን፣ ሎረንስ፣ ባርድ ወይስ አምኸርስት? ለጎጃም ተማሪና ወላጅ የቀረበ ንጽጽር

ከደብረ ማርቆስ፣ ከፍኖተ ሰላም ወይም ከሞጣ 12ኛ ክፍል የሚጨርስ ልጅ "ሙዚቃ መማር እፈልጋለሁ፤ ታሪኩንና ሒሳቡንም አልተውም" ሲል ቤተሰብ ቶሎ ብሎ የሚጠይቀው የኮሌጁን ስም ነው። ስሙ ይቆይ። መቅደም ያለበት ጥያቄ ልጁ የሚጫወተው መሣሪያ ምንድን ነው የሚለው ነው። ክራር የሚመታና ፒያኖ የሚጫወት ተማሪ መንገዳቸው ገና ከመነሻው ይለያያል፤ ይህ ሳይለይ የተላከ ማመልከቻ ደግሞ ብዙ ጊዜ ከደጃፍ ይመለሳል።

ሁለተኛው የሚለየው ነገር የዲግሪው ዓይነት ነው። በአሜሪካ ሙዚቃ በሁለት ዋና ዋና ዲግሪዎች ይሰጣል። ባችለር ኦፍ አርትስ በሚባለው ሙዚቃው ከጠቅላላው ትምህርት ከ30 እስከ 45 በመቶ ይይዛል፤ የቀረው ቋንቋ፣ ሳይንስ፣ ፍልስፍና፣ ታሪክ ነው። ባችለር ኦፍ ሚውዚክ በሚባለው ግን ቢያንስ 65 በመቶው ሙዚቃ ነው። ዲግሪው 120 ክሬዲት ቢሆን በመጀመሪያው ከ36 እስከ 54 ክሬዲት፣ በሁለተኛው 78 እና ከዚያ በላይ ክሬዲት ሙዚቃ ይማራል ማለት ነው። ሁለቱንም አንድ ላይ መያዝ የሚፈልግ ድርብ ዲግሪ በሚሰጡት ኮሌጆች ገብቶ ባብዛኛው 5 ዓመት ይማራል።

ያሬድን ከአሜሪካዎቹ ኮሌጆች ጋር ስናስተያይ

በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሥር ያለው የያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት ከዚህ በታች ካሉት ሁሉ የሚበልጥበት አንድ ትልቅ ነገር አለ፤ ክራር፣ ማሲንቆ፣ ዋሽንትና በገና እንደ ዋና ትምህርት የሚሰጡት እዚያ ነው። ጎጃም ውስጥ በጆሮው ተምሮ ያደገ ማሲንቆ መቺ መሣሪያውን ሳይቀይር ዲግሪ የሚያገኝበት ቦታ ይህ ነው። ከባህል መሣሪያው ጎን የውጭውንም መሣሪያ፣ ኖታውንም ይማራል። ለመግባት የ12ኛ ክፍል ነጥብ ብቻ አይበቃም፤ ችሎታን የሚለካ የራሱ ፈተና አለ። ምት ሰምቶ በእጅ መመለስ፣ የተጫወቱለትን ድምፅ ተቀብሎ በዜማ መድገም፣ በመሣሪያ አንድ ሁለት ሥራ መጫወት መቻል ያስፈልጋል። በመንግሥት ወጪ ለሚማር ተማሪ የወጪ መጋራቱ ክፍያ ከምረቃ በኋላ ስለሆነ ቤተሰብ በቅድሚያ የሚያወጣው ገንዘብ ከአሜሪካው ጋር አይወዳደርም።

የሚጎድለው ስፋቱ ነው። የመጀመሪያ ዓመት የጋራ ኮርሶች ካለፉ በኋላ ትምህርቱ በሙዚቃ ላይ ያተኩራል፤ ከሙዚቃው ጋር ኢኮኖሚክስን ወይም ፊዚክስን ደርቦ መደበኛ ዲግሪ መያዝ እዚህ የተለመደ አይደለም። ሁለተኛውን ሙያ የሚፈልግ ሰው በማታ ወይም ከምረቃ በኋላ ይመዘገባል።

ያሬድ መንገድ ይዘጋል ብለው የሚሰጉ ወላጆች ፒያኒስቱን ግርማ ይፍራሸዋን ይመልከቱ፤ ከያሬድ ወጥቶ ወደ ቡልጋሪያ፣ ሶፊያ ኮንሰርቫቶሪ (ሙዚቃን ዋና ሥራው ያደረገ ከፍተኛ ትምህርት ቤት) ነው የተሻገረው። አቅጣጫው በተገላቢጦሽም ይሆናል፦ የያሬድ የመጀመሪያው ዳይሬክተር አሸናፊ ከበደ በአሜሪካ ኢስትማን የሙዚቃ ትምህርት ቤት ተምሮ ነው የመጣው፤ ዶክትሬቱንም በኋላ በዌስሊያን ዩኒቨርሲቲ ሠርቷል።

ሌላም አማራጭ አለ፤ እኛ ጎጃም ውስጥ ያለን ሰዎች ግን እንደ አማራጭ ስለማንቆጥረው ይረሳል። ባሕር ዳር ወይም ደብረ ማርቆስ ዩኒቨርሲቲ ሌላ ሙያ እየተማሩ ዜማውን ከአብነት መምህር መከታተል ነው። ግዕዝ፣ ዕዝልና አራራይን ለይቶ የሚያዜም፣ ድፋቱንና ቅናቱን፣ ይዘቱንና ጭረቱን ከድጓው ላይ አንብቦ የሚያወጣ ልጅ ብዙ የኮንሰርቫቶሪ ተማሪ የማያውቀውን የዜማ ምልክት ያነባል። ወረቀት ባይሰጠውም ሙዚቃ ነው። ድጓ ግን የዓመታት ሥራ ነው፤ ቅዳሜና እሑድ ብቻ በመሄድ አይዘለቅም፤ ስለዚህ ከጾመ ድጓው ወይም ከምዕራፉ አንድ ክፍል መርጦ በዚያ መጽናት ይሻላል።

ኦበርሊን፣ ሎረንስ፣ ባርድ

ሦስቱም ድርብ ዲግሪ ይሰጣሉ፤ ሦስቱም ጋ ወደ ኮንሰርቫቶሪው የሚገባው በኦዲሽን፣ ማለትም ተጫውቶ በማሳየት በሚሰጥ የችሎታ ፈተና ነው። ልዩነታቸው ግን ቀላል አይደለም።

ኦሃዮ ውስጥ ያለው ኦበርሊን በ1833 እ.ኤ.አ. የተመሠረተ ሲሆን ኮንሰርቫቶሪው የተቋቋመው በ1865 ነው። ድርብ ዲግሪ የሚፈልግ ተማሪ ለኮሌጁም ለኮንሰርቫቶሪውም ያመለክታል፤ ሁለቱም ለየብቻ ይቀበላሉ ወይም ይመልሳሉ። አንዱ ተቀብሎ ሌላው ሊመልስ ይችላል፤ ይህንን ቀድሞ ማወቅ ከድንጋጤ ያድናል። በኮንሰርቫቶሪው ያሉት በሙሉ ለማለት በሚቻል ደረጃ የመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪዎች ስለሆኑ ዋና መምህራኑን የሚሻማ የማስተርስ ተማሪ ብዙ የለም።

ዊስኮንሲን ያለው ሎረንስ ዩኒቨርሲቲም የሚያስተምረው የመጀመሪያ ዲግሪ ብቻ ነው። ጃዝና ፈጠራዊ አጨዋወት ላይ ላተኮረ ተማሪ ከሁለቱ ዲግሪዎች ሌላ ባችለር ኦፍ ሚውዚካል አርትስ የሚባል መካከለኛ መንገድ አለው። ትምህርቱ ከኮንሰርቫቶሪው ውጭ ላለ ሙያም ሰፊ ቦታ ይተዋል። ጆሮው የሠላ፣ ኪቦርድ ወይም ሳክስፎን የሚጫወት፣ ከወረቀት ይልቅ ከልቡ የሚፈጥር ልጅ ካላችሁ ከሦስቱ ይህን አስቀድሙ።

የባርድ ኮሌጅ ኮንሰርቫቶሪ የተከፈተው በ2005 እ.ኤ.አ. ነው። እዚያ ድርብ ዲግሪው ምርጫ አይደለም፤ ግዴታ ነው። እያንዳንዱ የመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪ በ5 ዓመት ሙዚቃንና ከሙዚቃ ውጭ ሌላ ሙያ ይዞ ይወጣል። "ሌላውን ትምህርት ቀስ በቀስ ተውኩት" የሚባል ነገር አይኖርም። የቻይና ባህላዊ መሣሪያዎችን በዲግሪ ደረጃ የሚማሩበት ክፍልም አለው። ክራርና ማሲንቆ ግን እዚያም የሉም።

የክራርና የማሲንቆ ልጆች ጥንቃቄ ማድረግ ያለባቸው እዚህ ላይ ነው። የእነዚህ ኮንሰርቫቶሪዎች ኦዲሽን በፒያኖ፣ በቫዮሊን፣ በድምፅ፣ በነፋስ መሣሪያዎች፣ በጃዝ ወይም በቅንብር ነው። ለፒያኖ የሚጠየቀው በተለመደው አሠራር ከጀርመናዊው አቀናባሪ ከባኅ አንድ ፕሬሉድና ፉግ፣ ከክላሲክ ዘመን ሶናታ፣ ከሮማንቲክ ዘመን አንድ ሥራ፣ አንዳንዴም ኤቲዩድ (የጣት ችሎታ የሚፈትን ሥራ) ነው፤ በቃል ይጫወቱታል። ለስላሳ ቁልፍ ባለው ባለ 61 ቁልፍ ኪቦርድ ሁለት ዓመት የተለማመደ ልጅ እዚህ ደረጃ አይደርስም፤ ባለ 88 ቁልፍና ክብደት ያለው ካልሆነ ጣት አይጠነክርም፤ የድምፁን ልክ መቆጣጠርም አይለምድም። ከ5 ዓመት ያነሰ ልምምድ ላለው ተማሪ ኮንሰርቫቶሪን ዋና ዕቅዱ እንዲያደርግ አንመክርም።

አምኸርስትና ዌስሊያን

እነዚህ ሁለት የአሜሪካ ኮሌጆች ኮንሰርቫቶሪ የላቸውም፤ ዲግሪው ባችለር ኦፍ አርትስ ነው። ለመግባት ኦዲሽን አይጠየቅም። ተማሪው እንደማንኛውም ሰው ያመለክታል፤ ከፈለገ የተቀዳ ሙዚቃውን በተጨማሪ ማስረጃነት ይልካል። ክራሩ፣ ማሲንቆው፣ ዋሽንቱ ሙሉ ዋጋ የሚያገኘው እዚህ ነው፤ የሚሰማው የሙዚቃ መምህር የሚጠብቀው የባኅን ፉግ ሳይሆን የልጁን ሙዚቀኛነት ነው።

አምኸርስት ከመጀመሪያው ዓመት ሴሚናር በቀር ግዴታ የጋራ ኮርስ የለውም። ከአካባቢው አራት ተቋማት ጋር ባለው ማኅበር ተማሪው በሌሎቹ ኮርስ መውሰድ ይችላል፤ በማኅበሩ በኩልም የኢትኖሚውዚኮሎጂ ሰርተፍኬት አለ፤ የሕዝብን ሙዚቃ ከባህሉ ጋር አያይዞ የሚያጠና ዘርፍ ነው። ዌስሊያን ደግሞ በዓለም ሕዝቦች ሙዚቃ የታወቀ ነው፤ የጃቫ ጋሜላን፣ የምዕራብ አፍሪካ ከበሮ፣ የደቡብ ሕንድ ዜማ እዚያ ይሰጣሉ። አምባሰልንና አንቺሆዬን በአካዳሚ ቋንቋ መጻፍ ለሚፈልግ ሰው ከሁሉ የምንመርጠው ዌስሊያንን ነው።

ጉድለታቸው የልምምድ ሰዓቱ ነው። ኮንሰርቫቶሪ ውስጥ በቀን 3 እና 4 ሰዓት መለማመድ የሥራ ሰዓት ነው፤ እዚህ ግን ከንባብና ከጽሑፍ የተረፈው ነው። የግል ትምህርት በሳምንት ግማሽ ሰዓት ነው ወይስ አንድ ሰዓት? ተጨማሪ ክፍያ አለው? እርዳታ የሚያገኝ ተማሪ ከክፍያው ነፃ ነው? እነዚህን ሦስቱን በኢሜይል ጠይቁ፤ ከኮሌጁ ስም ይልቅ የመምህሩ ሰዓት ነው ሙዚቀኛ የሚያደርገው።

ገንዘቡ

የእነዚህ ኮሌጆች የተጻፈ ዋጋ፣ ምግብና መኝታን ጨምሮ፣ በዓመት ከ70 ሺህ ዶላር ገደማ ተነስቶ ከ90 ሺህም በላይ ይደርሳል። ስለዚህ "30 ሺህ ዶላር ስኮላርሺፕ ሰጡኝ" የሚል ደብዳቤ ለጎጃም ቤተሰብ ደስታ አይደለም፤ ከ80 ሺህ ላይ 30 ሺህ ሲነሳ 50 ሺህ በዓመት ይቀራል። ይህ በችሎታ የሚሰጥ ስኮላርሺፕ ነው። መፈለግ ያለበት የቤተሰቡን አቅም አይቶ ጉድለቱን በሙሉ የሚሞላው እርዳታ ነው። አምኸርስት ለውጭ አገር ተማሪም የገንዘብ አቅምን ሳያይ ይቀበላል፤ ከተቀበለም ጉድለቱን ይሞላል። ዌስሊያን ሲቀበል አቅምን ያያል፤ ከተቀበለ ግን ይሞላል። ለኦበርሊን፣ ለሎረንስና ለባርድ ስታመለክቱ ሌላም ጥያቄ ጨምሩ፦ እርዳታው 5ኛውን ዓመት ይሸፍናል? የ4 ዓመት እርዳታ ይዞ የ5 ዓመት ትምህርት የጀመረ ልጅ መጨረሻው ላይ ይቸገራል።

የአቅም መግለጫው ሲኤስኤስ ፕሮፋይል በሚባል የኢንተርኔት ቅጽ ይሞላል፤ ለመጀመሪያው ኮሌጅ 25፣ ለእያንዳንዱ ተጨማሪ 16 ዶላር ነው። ክፍያውን የሚያስቀሩ ኮሌጆች ስላሉ አስቀድሞ መጠየቅ ነው። አርሶ አደር ቤተሰብ እዚህ ላይ ይሳሳታል፤ ደመወዝ የለንም ብሎ ዜሮ ይጽፋል፤ ዜሮ ሲታይ ደግሞ ቅጹ አይታመንም። ትክክለኛው እንዲህ ነው፦ ዓመቱ ስንት ኩንታል ጤፍ፣ በቆሎና ስንዴ እንደገባ ጻፉ፤ ከዚያ የተሸጠውን በገበያው ዋጋ አባዙ፤ የማዳበሪያና የምርጥ ዘር ወጪ ቀንሱ፤ የቀረውን ብር በባንክ ምንዛሪ ወደ ዶላር ለውጡ። ቤት የተበላውን እህል በማብራሪያው ሣጥን ለብቻው ግለጹ። የቀበሌውን ማስረጃ ከትርጉሙ ጋር አያይዙ።

ቀረጻው

የማመልከቻው ጊዜ ለብዙዎቹ ኮንሰርቫቶሪዎች ኅዳር 22 ገደማ፣ እንደ አምኸርስትና ዌስሊያን ላሉት ሊበራል አርትስ ኮሌጆች ከታኅሣሥ አጋማሽ እስከ መጨረሻው ያልቃል። ለእኛ ደግ ነው፤ ዝናቡ አልፏል። ቆርቆሮ ጣራ ሥር በክረምት የተቀዳ ክራር ከዝናቡ ድምፅ አይለይም። ጥቅምት ላይ፣ ጠዋት፣ መኪና ከማይበዛበት ቤት ቅዱ። የቤተ ክርስቲያን አዳራሽ ድምፁን ስለሚያስተጋባ የጣቱን ሥራ ይደብቃል። ወለሉ ላይ ምንጣፍ፣ ግድግዳው ላይ ጋቢ ወይም ብርድ ልብስ መስቀል ይጠቅማል። ስልኩን አግድም አድርጉ፤ ሁለት ሜትር ያህል ርቆ በደረት ልክ ይቀመጥ፤ ፊትም ሁለቱም እጅም በአንድ ምስል ይታዩ። ሌላ ሰው ስልክ እንዳይደውል በበረራ ሞድ አድርጉት። ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ሳይቆረጥ ይቀዳል፤ የተቆረጠ ቪዲዮ ያስጠረጥራል።

ከሙዚቃው በፊት ቅኝቱን በአንድ ዓረፍተ ነገር ተናገሩ። ሰሚው ትዝታ ሲባል አያውቅም፤ "ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል፣ ላ" ሲባል ግን ያውቃል። አንቺሆዬ ከሆነ "ዶ፣ ሬ ቤሞል፣ ፋ፣ ሶል ቤሞል፣ ላ" ብላችሁ ተናገሩ፤ ካልተነገረ ድምፁ የተሳሳተ ሊመስለው ይችላል። ሁለት ሥራ ይበቃል፤ አንዱ በቀስታ፣ አንዱ በፍጥነት፣ ቅኝታቸውም የተለያየ ይሁን።

ከየኔታ ደብዳቤ የሚያመጣ ልጅ ካለ ትልቅ ማስረጃ ነው። በአማርኛ ይጻፍ፤ የእንግሊዝኛ መምህር ይተርጉመው፤ ሁለቱም አብረው ይላኩ። ስንት ዓመት እንደተማረ፣ ምዕራፍ ወይም ጾመ ድጓ ከየት እስከ የት እንደዘለቀ፣ ጉባኤ ላይ እንዴት እንደሚያዜም በዝርዝር ይጻፍ። "ጎበዝ ልጅ ነው" ብቻውን አይረዳም።

ወረቀት ላይ ሁለት ነገር ያበላሻል። አንዱ ስም ነው፤ በትራንስክሪፕቱ፣ በፓስፖርቱና በእንግሊዝኛ ፈተናው የአባትና የአያት ስም አጻጻፍ በአንድ ፊደል እንኳ እንዳይለያይ። ሌላው ዓመተ ምሕረት ነው፤ ትራንስክሪፕቱ ላይ 2017 ከተባለ የኢትዮጵያ አቆጣጠር መሆኑ ይጻፍ፤ ካልተጻፈ አንባቢው ልጁ ከብዙ ዓመት በፊት የጨረሰ ይመስለዋል። በኢንተርኔት የሚሰጠው የዱኦሊንጎ የእንግሊዝኛ ፈተና መስመር ሲቋረጥ ሊሰረዝ ስለሚችል መስመሩ በሚጸናበት ከተማ ሄዶ መፈተን ይሻላል። ቪዲዮውም ከቀነ ገደቡ ቢያንስ አሥር ቀን አስቀድሞ ይጫን፤ ባሕር ዳር ድረስ ሄዶ መጫን ቢያስፈልግ ለመንገዱም ቀን ይተርፋል።