የኦንላይን ኮዲንግ ትምህርት ቤቱ ደንብ፣ ከጎንደር አዘዞ ሆኜ እንዳየሁት

የዌብ ፕሮግራሚንግ ኮርሱን ከጨረስኩ ሁለት ሳምንቴ ነው። ትምህርቱ እንዴት ነው እያላችሁ የጠየቃችሁኝ፣ ጥሩ ነው። የድረ ገጽን መዋቅር ከምንጽፍበት ከኤችቲኤምኤል ተነስቶ ገጹ ለተጠቃሚው ምላሽ እንዲሰጥ እስከሚያደርገው የፕሮግራም ቋንቋ፣ ጃቫስክሪፕት፣ ያደርሳል። እኔ መጻፍ የፈለግኩት ስለ ተማሪዎች ሥነ ምግባር ደንቡ ነው፤ በእኛ ዙር ካቋረጡት ልጆች አብዛኞቹ የተማረሩት በእሱ ነበር።

ከሁሉም የሚጠላው ኮድ መገልበጥ የሚከለክለው አንቀጽ ነው። የጓደኛችሁን ኮድ ወስዳችሁ የቫሪያብሎቹን (በኮዱ ውስጥ መረጃ የሚያዝባቸውን) ስም ብቻ ብትቀይሩ አታመልጡም። የተገለበጠ ኮድ የሚፈልጉ እንደ ሞስ ያሉ ፕሮግራሞች ከፈረንጆቹ 1994 ጀምሮ አሉ፣ ስሙን ትተው የኮዱን አወቃቀር ነው የሚያነጻጽሩት። የኮዳችንን ታሪክ የምናስቀምጥበት ጊት የሚባለው ፕሮግራምም እያንዳንዱን ኮሚት፣ ማለትም ያስመዘገባችሁትን ለውጥ፣ ከነሰዓቱ ይመዘግባል፤ የሦስት ቀን ሥራ በአንድ ኮሚት ዱብ ካለ መምህሩ መጠየቁ አይቀርም። እኔንም ጠይቆኛል። በሦስተኛው ሳምንት የሎጊን ፎርም (ስምና የይለፍ ቃል የሚሞላበት ቅጽ) ከቻትጂፒቲ ገልብጬ አስገባሁ፣ በዙም ጠራኝና «ይቺ መስመር ምን ትሠራለች?» አለኝ። ዝም አልኩ። ዜሮ አገኘሁ፣ ማስጠንቀቂያ ተጻፈብኝ፣ እንደገና እንድሠራውም ተፈቀደልኝ። በጣም አፈርኩ። ግን አራት ሌሊት ፈጅቶብኝ ራሴ ሠራሁት፣ ዛሬ ያንን ፎርም ማንንም ሳልጠይቅ እጽፈዋለሁ። ቻትጂፒቲን መጠቀም አይከለከልም፤ መጠቀማችሁን መግለጽና ያስገባችሁትን ማስረዳት ግን ግዴታ ነው። ልክ ናቸው።

በቴሌግራም ግሩፑ በጀማሪ ጥያቄ መሳቅ ክልክል ነው፣ ሴት ተማሪዎችን በውስጥ መስመር ማስቸገርም እንዲሁ። አንዲት ልጅ የተጻፈላትን ስክሪንሾት አድርጋ ለኮርሱ አስተባባሪ ላከች፣ በማግስቱ ያስቸገራት ልጅ ከኮርሱ ተሰናበተ። ለዚህ ብቻ ብዬ ታናሽ እህቴን እዚያ አስመዘግባታለሁ።

የከፋኝ የመገኘት ደንቡ ነው። ካሜራ ማብራት ግዴታ፣ አሥር ደቂቃ ማርፈድ እንደ መቅረት፣ ሦስት ጊዜ ከቀራችሁ መባረር። ይኼን ያወጣ ሰው ጎንደርን አላሰበም። የሞባይል ኢንተርኔት ከሐምሌ 2015 መጨረሻ ጀምሮ ለወራት ተቋርጦበት የነበረ ክልል ውስጥ ነን፣ ዛሬም መብራት ሲሄድ ዋይፋዩ አብሮ ይሄዳል። ሁለት ቀን ጄኔሬተር ያለው ካፌ ፍለጋ ከአዘዞ ፒያሳ ድረስ በታክሲ ሄጃለሁ፣ ስደርስ ክፍሉ ተጋምሷል፣ ሁለቱም እንደ መቅረት ተቆጠሩብኝ። አንድ ቢደገም ኖሮ የገልባጭነት ማስጠንቀቂያዬን በሥራ አጥፍቼ በመብራት ልባረር ነበር! ካሜራውም ዳታ ይበላል፣ በድምፅ ብቻ መግባት ቢፈቀድ ወጪው በጣም ይቀንስ ነበር።

የክፍሉን የቪዲዮ ቅጂ አይቶ ጥያቄዎቹን መመለስ እንደ መገኘት እንዲቆጠር ለአስተባባሪዋ ጽፌላታለሁ፣ መልሱን እየጠበቅኩ ነው። እስከዚያ ለመመዝገብ የምታስቡ ካላችሁ ክፍያ ከመክፈላችሁ በፊት ደንቡን እስከ መጨረሻው አንብቡት፣ ለዋይፋያችሁም የሚሆን ባትሪ አዘጋጁ።