የእናቴን ፈትል ጋቢ ላደረጉልን ሸማኔ

እናቴ ፈትላ ያስቀመጠችው ማግ፣ እሷ ካረፈች ጀምሮ ሦስት ዓመት ሳጥን ውስጥ ነበር። አንድ ሁለት ቦታ ወስጄው "ይሄ ፈትል አንድ ዓይነት አይደለም፣ ይልቅ ያለቀለት ጋቢ ልሽጥልሽ" ተብዬ ተመልሻለሁ። በመጨረሻ ጎረቤት ጠቁማኝ ሽሮ ሜዳ አንድ አባት ጋ ሄድኩ።

አባታቸው ከዶርዜ የመጡ ሸማኔ ነበሩ፤ ሙያውን ከእሳቸው ነው የወረሱት። አሁን ደግሞ ከጎናቸው ባለው የመሸመኛ ጉድጓድ ልጃቸው እግሩን አስገብቶ ይሠራል። ባለቤታቸው ይፈትላሉ። እኔ በሄድኩ ቀን እንኳ ሁለት የሰፈር ልጆች ድር ሲያደሩ ነበር፣ ሊማሩ የመጡ ናቸው አሉኝ።

ልቃቂቶቹን አንድ በአንድ እያወጡ ክሩን በሁለት ጣታቸው መሀል እየሳቡ ለስላሳና ጎርበጥባጣ ብለው ለሁለት ለዩዋቸው። ከዚያ ቀና ብለው "ልጄ፣ እነዚህን ሲፈትሉ ዓይናቸው ደክሞ ነበር እንዴ?" አሉኝ። እኔ ምንም አልነገርኳቸውም! እናቴ በመጨረሻ ላይ እንዝርቱን የምታሾረው በዳበሳ ነበር። ተይው ስንላት "ታዲያ ቁጭ ብዬ ምን ልሥራ?" ትለን ነበር።

ጎርበጥባጣው ይጣላል ብዬ ስፈራ "ጋቢ እኮ አራት ፈርጅ ነው" አሉኝ። "ለስላሳው ከውጭ ይሆናል፣ ይሄ መሀል ይገባል። የሚያሞቀውም እሱ ነው።" ድሩ የፋብሪካ ክር ነው፣ የእጁ ፈትል ሲወጠር እንዳይበጠስ። ማጉ ግን በሙሉ የእሷ ነው። የተረፈውን ግማሽ ልቃቂት ሳይቀር በፌስታል ቋጥረው መለሱልኝ። ፈትል ሰጥቶ ሌላ ፈትል የተቀበለ ሰው ይሄ ምን ማለት እንደሆነ ይገባዋል።

ቀጠሮ አክባሪ ናቸው ብዬ ግን አልዋሽም። ለፋሲካ ያሉኝ ለዳግማይ ትንሣኤ ደረሰ፤ አባቴም በዓሉን በአሮጌው ጋቢ ዋለ። አሁን አዲሱን ለብሶ ቁጭ ሲል ጫፉን እያሻሸ መሀሉን ይፈልጋል።

እጅዎ ይባረክ ጋሼ፣ ልጅዎም ይደግልዎት።

ከእናት ወይም ከአያት የተረፈ ፈትል ያላችሁ፣ ሳጥን ውስጥ ብል ከሚበላው ውሰዱላቸው። ስልካቸውን በውስጥ መስመር እሰጣችኋለሁ። የምትደውሉት ግን በምሳ ሰዓት ይሁን፤ ሥራ ላይ ከሆኑ መወርወሪያውን አስቀምጠው አያነሱም።