ያማሃ ኤምጂ10ኤክስዩ ሚክሰር ለቤት ቀረጻ

አራት የማይክ መግቢያ ስላለው አራት ትራክ ለየብቻ ይቀርጻል ብሎ የሚገዛው ሰው ጥቂት አይደለም። አይቀርጽም። በዩኤስቢ ወደ ኮምፒውተር የሚሄደው የተቀላቀለው ስቴሪዮ፣ ማለትም ሁለት ትራክ ብቻ ነው። ድምፃዊና ክራር ለመለየት የድምፃዊውን ፓን (ድምፁን ወደ ግራ ወይም ወደ ቀኝ የሚወስደውን ቁልፍ) ጥግ ድረስ ወደ ግራ፣ የክራሩን ወደ ቀኝ አዙሩና በመቅረጫ ሶፍትዌሩ ሁለት ሞኖ (ባለ አንድ ወገን) ትራክ ክፈቱ። የሚክሰሩን ኤፌክት (እንደ ማሚቶ ያለውን ተጨማሪ ድምፅ) ዝጉት፤ አንዴ አብሮ ከተቀረጸ አይወጣም።

ዋናው ራስ ምታት ከኮምፒውተሩ የሚመለሰው ድምፅ ነው። በ9/10 ቻናል ይገባል፤ ማብሪያው «ቱ ኤስቲ» ላይ ከሆነ ተመልሶ ይቀረጻል፣ ማሚቶ ወይም ፉጨትም ያመጣል። «ቱ ሞን» ላይ ስታደርጉት በሞኒተርና በጆሮ ማዳመጫ ብቻ ይሰማል።

ኮንደንሰር ማይክ (ለመሥራት ኃይል የሚፈልገው ዓይነት) ሚክሰሩ በገመዱ የሚልከውን 48 ቮልት ይፈልጋል፤ መጀመሪያ ሰክታችሁ፣ ድምፁን ዘግታችሁ አብሩት። ጌይኑን (የማይኩን ድምፅ የሚያጎላውን ቁልፍ) ከፍተኛው ድምፅ በሶፍትዌሩ −12 ዴሲቤል አካባቢ እስኪደርስ ብቻ ክፈቱ። በዊንዶውስ የኩባንያውን ድራይቨር (ኮምፒውተሩን ከሚክሰሩ ጋር የሚያግባባውን ፕሮግራም) ጫኑ፤ አለዚያ ድምፁ ዘግይቶ መሰማቱ ያስመርራል።

ሚክሰሩ ከዩኤስቢ ኃይል አይወስድም፤ መብራት ሲጠፋ ላፕቶፑ ቢሠራም እሱ ጸጥ ይላል (አዲስ አበባ ላሉ ይህ ቀላል ነገር አይደለም)። የማይክ ማጉያው ግን ንጹሕ ነው፤ ለአንድ ዘፋኝና ለአንድ መሣሪያ ከበቂ በላይ።