ቦልት፣ ሊፍ ወይስ ሞዴል 3? ሰርቲፋይድ የተባለ ኤሌክትሪክ መኪና ከመግዛታችሁ በፊት

በዋሽንግተን፣ በቨርጂኒያና በሜሪላንድ አካባቢ ያለ ሐበሻ ደጋግሞ የሚጠይቀው አንድ ጥያቄ አለ። «በ15 ሺህ ዶላር አካባቢ ሰርቲፋይድ ኤሌክትሪክ መኪና ልግዛ ብዬ ነበር፤ የቱ ይሻላል?» መልሱን ከፊት እናስቀምጠው። ማታ ቤቱ ቻርጅ ማድረግ የሚችል ሰው ባትሪው የተቀየረለትን ሸቭሮሌት ቦልት ይግዛ። አፓርታማ የሚኖርና የራሱ ሶኬት የሌለው ሰው ትንሽ ጨምሮ ቴስላ ሞዴል 3 ይግዛ። ኒሳን ሊፍ የሚያዋጣው በቀን ከ60 ማይል ለማይዘል፣ ቤቱ ለሚሰካና ዋጋውን በደንብ ላስወረደ ሰው ብቻ ነው።

መጀመሪያ «ሰርቲፋይድ» የሚለው ቃል ይጥራ፣ ብዙ ገንዘብ የሚባክነው እዚያ ላይ ነውና። እውነተኛው ሰርቲፋይድ የአምራቹ ፕሮግራም ነው። የዚያው ብራንድ ዲለር መኪናውን በአምራቹ ዝርዝር ይፈትሻል (የሸቭሮሌት አምራች የሆነው የጂኤም ዝርዝር 172 ነጥብ አለው)፣ ከዚያ አምራቹ ራሱ ተጨማሪ ዋስትና ይሰጣል። መንገድ ዳር ያለ ያገለገለ መኪና ሻጭ መስታወቱ ላይ «ሰርቲፋይድ» ብሎ ቢለጥፍና የሌላ ድርጅት የጥገና ውል ቢሸጥላችሁ ነገሩ ሌላ ነው። መለያው ቀላል ነው፦ የዋስትናውን ወረቀት አምጡ በሉ፤ የሚከፍለው ማን እንደሆነ፣ ከየትኛው ቀን እንደሚጀምርና በስንት ማይል እንደሚያበቃ አንብቡ።

አሁን ወደ ዋጋው። የኤሌክትሪክ መኪና ውዱ ዕቃ ትልቁ ባትሪ ነው። እሱ ደግሞ መኪናው አዲስ ሆኖ ከተሸጠበት ቀን ጀምሮ ለ8 ዓመት ወይም ለ100 ሺህ ማይል በአምራቹ ዋስትና ስር ነው፤ ዋስትናው መኪናውን ተከትሎ ወደ ሁለተኛው ባለቤት ይተላለፋል። ሰርቲፋይድ ሆነም አልሆነም ያው ነው። ስለዚህ በቦልት ላይ ሰርቲፋይድ በመሆኑ የምታገኙት ዋናው ጥቅም ለሌላው ዕቃ የ12 ወር ወይም የ12 ሺህ ማይል ሽፋን ነው። ለዚህ ከ700 እና 800 ዶላር በላይ ጭማሪ መክፈል አያዋጣም። 1,500 ወይም 2,000 ከጠየቋችሁ ሰርቲፋይድ ያልሆነውን ገዝታችሁ ልዩነቱን ለጎማና ለቻርጀር አስቀምጡት።

ይህ የማይሠራው በሃዩንዴና በኪያ ላይ ነው። ታዋቂው የ10 ዓመት ወይም 100 ሺህ ማይል የሞተርና የማስተላለፊያ ዋስትና ለመጀመሪያው ባለቤት ብቻ ነው፤ መኪናው ሲሸጥ ወደ 5 ዓመት ወይም 60 ሺህ ማይል ይወርዳል። በሰርቲፋይድ ፕሮግራማቸው ሲያልፍ ግን ይመለሳል። አዮኒክ 5 ወይም ኢቪ6 የምታስቡ ከሆነ ጭማሪውን ክፈሉ። አይሲሲዩ የሚባለው የቻርጅ መቆጣጠሪያቸው ሲበላሽ 12 ቮልቱን ባትሪ አድርቆ መኪናውን መንገድ ላይ ያቆማል፤ በ2024 ሪኮል (አምራቹ ጉድለቱን በነፃ ለማስተካከል የሚያወጣው ጥሪ) ወጥቶበታል። የሪኮሉ ሥራ መሠራቱን በወረቀት ሳታዩ አትፈርሙ።

ወደ ቦልት እንምጣ። ከ2017 እስከ 2022 የተሠሩት ሁሉም ለባትሪ እሳት ሪኮል ተደርገዋል። ምክንያቱ ኤልጂ በሠራቸው አንዳንድ ሴሎች (ባትሪው የተሠራባቸው ትናንሽ ክፍሎች) ውስጥ ሁለት የፋብሪካ ጉድለቶች፣ የተቀደደ የአኖድ ጫፍና የታጠፈ መለያ ሽፋን፣ አንድ ላይ መገኘታቸው ነው። ሰው ይህን ሰምቶ ይሸሻል፤ ዋጋው የረከሰውም በከፊል ለዚህ ነው። ለገዢ ግን ሪኮሉ በረከት ሆኗል። ጂኤም የብዙዎቹን ባትሪ በነፃ ቀይሯል፣ የተቀየረውም ባትሪ የራሱ የ8 ዓመት ወይም የ100 ሺህ ማይል ዋስትና አለው። ለምሳሌ የ2018 ቦልት በ2022፣ በ40 ሺህ ማይል ላይ ባትሪው ከተቀየረ ዋስትናው እስከ 2030 ወይም እስከ 140 ሺህ ማይል ይዘልቃል። በዚያ ላይ የ2017–2019ኞቹ ሲወጡ 60 ኪሎዋት ሰዓት (የባትሪው የመያዝ አቅም መለኪያ ነው) ይዘው 238 ማይል ነበር የሚሄዱት፤ ሲቀየርላቸው የገባው አዲሱ ዓይነት ሴል ወደ 66 ኪሎዋት ሰዓትና ወደ 259 ማይል ከፍ አድርጓቸዋል። ባትሪው የተቀየረ የ2017 ቦልት ካልተቀየረ የ2021 የሚበልጥበት ምክንያት ይኸው ነው። ሻጮች ግን አሁንም በዓመተ ምህረት ነው የሚተምኑት።

ጥንቃቄ የሚያስፈልገው እዚህ ላይ ነው። ከ2020 እስከ 2022 የተሠሩ ብዙ መኪኖች ባትሪያቸው አልተቀየረም፤ የሚከታተል ሶፍትዌር ብቻ ነው የተጫነላቸው። ሶፍትዌሩ ቻርጁን ለ6,200 ማይል ያህል በ80 በመቶ ይገድባል፣ ችግር ካላገኘ ይለቀዋል። ዲለሩ «ሪኮሉ ተዘግቷል» ሲላችሁ ሁለቱም ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ጥያቄያችሁ «ባትሪው ተቀይሯል ወይስ ሶፍትዌር ብቻ ነው? የተቀየረበት ቀንና ማይል ስንት ነው?» ይሁን። ማንኛውም የሸቭሮሌት ዲለር በባለ 17 ፊደልና ቁጥሩ የመኪናው መለያ (ቪን) የጥገና ታሪኩን አትሞ ሊሰጣችሁ ይችላል። የቃል መልስ አትቀበሉ።

ሁለተኛው የቦልት ወጥመድ የፈጣን ቻርጅ መግቢያው ነው። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት 750 ዶላር የሚከፈልበት ምርጫ ስለነበር ያላስገቡት ብዙ ናቸው። በኋላ ማስገጠም የሚያዋጣ ሥራ አይደለም። የቻርጅ ክዳኑን ክፈቱ፤ ከክቡ መሰኪያ ሥር ሁለት ትላልቅ ቀዳዳዎች ካሉ አለው፣ ከሌሉ የለውም። ያለውም ቢሆን ፈጣን አይደለም፦ ጣሪያው 55 ኪሎዋት አካባቢ ስለሆነ በግማሽ ሰዓት 100 ማይል ያህል ብታገኙ ነው፣ በብርድ ቀን ደግሞ ከዚያም ያንሳል። ሂት ፓምፕ (በትንሽ ኃይል ውስጡን የሚያሞቅ መሣሪያ) ስለሌለው በጥር ብርድ ሀይዌይ ላይ 259 የሚለው ወደ 170 አካባቢ ሊወርድ ይችላል። የወንበርና የመሪ ማሞቂያ ያለውን ምረጡ፤ የውስጡን አየር ከማሞቅ በጣም ያነሰ ይበላል።

የባትሪውን ጤና ያለ ምንም መሣሪያ መለካት ይቻላል። ዲለሩ ማታ 100 በመቶ ቻርጅ አድርጎ እንዲያሳድረው ጠይቁ። ከ2022 በፊት ያሉት ዳሽቦርድ ላይ 20 መስመሮች አሏቸው፤ አንዱ መስመር 5 በመቶ ማለት ነው። አራት መስመር እስኪወርድ ንዱ፣ ከዚያ ስክሪኑ ላይ ከሙሉ ቻርጅ ወዲህ ስንት ኪሎዋት ሰዓት እንደተበላ ተመልከቱ። 12.5 አካባቢ ካለ ባትሪው ጤነኛ ነው። 10.5 ብቻ ካለ ጠቅላላው 52 አካባቢ ቀርቷል ማለት ስለሆነ ዋጋ ማስወረጃ ምክንያት አገኛችሁ። ኮፈኑንም ክፈቱ፦ የማቀዝቀዣ ውኃ ማጠራቀሚያዎቹ ሦስት ናቸው። የባትሪው ትንሽ ካነሰ መኪናው ቻርጅ አልቀበልም ይላል፣ የብልሽት ምልክቱም ስለተሞላ ብቻ አይጠፋም፤ ዲለር በኮምፒውተር ማጥፋት አለበት። የቧንቧ ውኃ የጨመረ ሰው ደግሞ ሌላ ጣጣ ያመጣል፣ የሚገባው በተጣራ ውኃ የተበጠበጠው ዴክስኩል የሚባለው ማቀዝቀዣ ፈሳሽ ብቻ ነው።

ሊፍ ለምን ይረክሳል? ባትሪው የሚቀዘቅዝበት ፈሳሽ ስለሌለው ነው። እስከ 2025 ሞዴል ድረስ ያሉት ሁሉ በአየር ብቻ ናቸው፤ ሙቀት ባትሪያቸውን ይበላዋል። የአሪዞና ወይም የቴክሳስ ታሪክ ያለውን ሊፍ በስጦታም ቢሆን አስቡበት። ባለ 40 ኪሎዋት ሰዓቱ አዲስ ሆኖ 150 ማይል ያህል ይሄድ ነበር፤ ከአምስት ስድስት ዓመት በኋላ በክረምት 90 ቢሰጥ አይገርምም። የባትሪ ዋስትናው የሚሠራው ዳሽቦርዱ ላይ ካሉት 12 የባትሪ ጤና መስመሮች ከ9 በታች ሲቀር ነው። የመጀመሪያዋ መስመር ስትጠፋ 15 በመቶ ያህል ሄዷል፤ ስለዚህ «አንድ መስመር ብቻ ነው የጎደለው» ሲባል ትንሽ አይምሰላችሁ።

ከዚህም የባሰ አለ። መስመሮቹን በመሣሪያ ወደ 12 መልሶ የሚሸጥ አለ። የሚያጋልጠው ሊፍ ስፓይ የሚባለው የስልክ መተግበሪያ ነው። ባለ 40ው አዲስ ሆኖ የባትሪውን አቅም 115 አምፔር ሰዓት ያህል ብሎ ያሳያል፤ 85 ካሳየ ሩብ ያህሉ አልቋል። የሰባት ዓመት መኪና 100 በመቶ ጤነኛ ነኝ ካለ ተነክቷል፣ ጥላችሁት ሂዱ። መተግበሪያውን ከመኪናው ጋር የሚያገናኘውን ዕቃ ስትገዙ ግን የ10 ዶላሩን ኮፒ ተዉት። ኢኤልኤም327 (የማገናኛው ቺፕ ስም) ስሪት 2.1 የሚል የተጻፈባቸው ቅጂዎች ግማሹን ትእዛዝ አይረዱም፣ ቁጥሩም ይቆራረጣል ወይም ጭራሽ አይመጣም። ኦቢዲሊንክን የመሰለ ደህና ዕቃ ግዙ፤ ከአንድ መጥፎ መኪና ዋጋ ጋር ሲተያይ ምንም አይደለም።

በመጨረሻ የሊፍ ፈጣን ቻርጅ ቻዴሞ የሚባለው መሰኪያ ነው። አዳዲስ ጣቢያዎች አይገጥሙትም፣ ያሉትም ሲበላሹ ቶሎ አይጠገኑም። የ2019 እና የ2020 ሞዴሎች ደግሞ በ2024 በፈጣን ቻርጅ ጊዜ ባትሪ ስለሚግል ሪኮል ተደርገዋል፣ እስኪስተካከል ፈጣን ቻርጅ አትጠቀሙ ተብለዋል። ስለዚህ ሊፍን ስትተምኑ ፈጣን ቻርጅ የለውም ብላችሁ ተምኑት።

ሞዴል 3 ላይ ያለው ጥቅም ሱፐርቻርጀር የሚባለው የቴስላ ፈጣን የቻርጅ ጣቢያ ነው፤ አሌክሳንድሪያ ወይም ሲልቨር ስፕሪንግ አፓርታማ ለሚኖር ሰው ይህ ሁሉን ይበልጣል። ቴስላ በዲለር ስለማይሸጥ ሌላ ሻጭ «ሰርቲፋይድ ቴስላ» ቢላችሁ የቴስላ ዋስትና አይደለም። ያገለገለ ከቴስላ ከራሱ ስትገዙ ከመጀመሪያው የ4 ዓመት ወይም 50 ሺህ ማይል የቀረው ላይ 1 ዓመት ወይም 10 ሺህ ማይል ይጨመራል፤ ከሌላ ስትገዙ የቀረው ብቻ ነው። ከ2021 ወዲህ ያለውን ምረጡ፣ ሂት ፓምፕ አለው። የባለ አንድ ሞተሩ መኪና የቻርጅ ገደብ መስመር 50 እና 100 ብቻ ካሳየ ባትሪው የብረት ፎስፌት ዓይነት ነው፤ በየሳምንቱ 100 ቢሞላ የሚወድ፣ ብዙ ለሚነዳ ሰው የሚመች። ፊት ለፊት ጎማ አካባቢ እንደ አሮጌ በር የሚያንቃጭል ድምፅ ከሰማችሁ ጎማውን የሚይዘው የላይኛው ክንድ (ኮንትሮል አርም) መገጣጠሚያ ውኃ ገብቶበት ሊሆን ይችላል፤ በሁለቱም ጎን መቀየር ብዙ መቶ ዶላር ነው፣ ከዋጋው ላይ ይቀነስ። ሳልቬጅ ታይትል ያለውን (በአደጋ ተጎድቶ ኢንሹራንስ እንደማይጠገን የቆጠረውን) በፍጹም አትንኩ፦ ቴስላ የሱፐርቻርጀር አገልግሎቱን ይዘጋበታል፣ የገዛችሁበት ምክንያትም አብሮ ይጠፋል። የኢንሹራንስ ዋጋ ሳትጠይቁ ቀብድ አትስጡ።

ኡበር ወይም ሊፍት የምትነዱ አንድ ነገር አስተውሉ። የብዙ የተጨማሪ ዋስትና ውሎች «ለንግድ ለሚውል መኪና አይከፍልም» ይላሉ። ያንን ገጽ ፈልጋችሁ አንብቡ።

ቦልት ከገዛችሁ በኋላ ርካሽ ኮፒ የሚያስከፍለው ሁለት ቦታ ነው። አንደኛው ቦልትን በቴስላ ጣቢያ ለመሙላት የሚያስፈልገው የሱፐርቻርጀር አዳፕተር፦ የጂኤም 225 ዶላር ነው የወጣው። በግማሽ ዋጋ የሚሸጡት፣ የዩኤል (የደህንነት ፈታሽ ድርጅት) ምልክት የሌላቸው፣ ውስጣቸው የሙቀት መቆጣጠሪያ ላይኖር ስለሚችል መሰኪያውን ሊያቀልጡ ይችላሉ፤ የተቃጠለው መግቢያ ደግሞ በዋስትና አይተካም። ሁለተኛው የቤት ሶኬቱ። ለምድጃ የተሠራው ርካሽ ባለ 50 አምፔር ሶኬት ሌሊቱን ሙሉ 40 አምፔር ሲሸከም ሊቀልጥ ይችላል። ኤሌክትሪሺያኑን ሃበል ወይም ተመሳሳይ ለፋብሪካ የሚሆን ሶኬት እንዲያስገባ ንገሩት፤ ልዩነቱ ከ100 ዶላር አይበልጥም። ቦልትን ማታ ለመሙላት 32 አምፔር ይበቃል፣ በሰዓት 25 ማይል ያህል ይመልሳል።

የመጨረሻውን ዋጋ ስትደምሩ የምታወዳድሩት ከበር እስከ በር የሚወጣውን ጠቅላላ ገንዘብ ይሁን። ቨርጂኒያ ላይ በመኪና ሽያጭ 4.15 በመቶ ታክስ አለ፤ በ16 ሺህ ዶላር መኪና 664 ዶላር። የዲለሩ የወረቀት ሥራ ክፍያ እዚያ ጣሪያ የለውም፣ ወደ 1,000 የሚጠጋ የሚጠይቁ አሉ፤ ከመኪናው ዋጋ ላይ ይቀነስ ብላችሁ ተከራከሩ። የ4,000 ዶላር የፌዴራል ክሬዲት ከሴፕቴምበር 30 ቀን 2025 በኋላ ለተገዛ ያገለገለ መኪና የለም። ዛሬም አለ እያለ ዋጋውን ከፍ አድርጎ የሚያቀርብላችሁ ሻጭ ካለ ውጡ።

ሀገር ቤት ልላክ ለሚልም። ኢትዮጵያ በ2024 የነዳጅ የቤት መኪና ማስገባት ከከለከለች ወዲህ ይህ ሐሳብ በርትቷል። ነገር ግን የአሜሪካው መሰኪያ አዲስ አበባ ላይ ካሉት በብዛት ለቻይና መኪና ከተሠሩት ፈጣን ቻርጀሮች ጋር አይገጥምም፣ የጂኤም ዋስትናም ከአሜሪካና ከካናዳ ውጭ አይከተልም። ቦልት እዚያ ዲለር የለውም። ባትሪው ቢበላሽ የሚከፍተው ሰው ቀድማችሁ ካላገኛችሁ አትጫኑት።