የባሕረ ሐሳብ ማስያ ሲመረጥ፦ ትንሣኤን ማግኘቱ ብቻ አያስመሰግነውም

የባሕረ ሐሳብ ማስያ፣ ማለትም የቤተ ክርስቲያን በዓላትና አጽዋማት የሚውሉበትን ቀን የሚያወጣው መሣሪያ፣ ዛሬ በሁለት መልክ ይገኛል፤ በስልክ መተግበሪያ እና በመንፈሳዊ መጻሕፍት መደብሮች በሚሸጥ የግድግዳ ሰንጠረዥ። ሁለቱን የመዘንንበት መስፈርት አንድ ነው፤ መልሱን ሲሰጥ የሄደበትን መንገድ ያሳያል ወይ? ዓመት ተቀብሎ «ትንሣኤ ሚያዝያ 4» ካለ በኋላ ዝም የሚል መተግበሪያ በነጻ ቢገኝም አንመክረውም።

ደኅና ማስያ ለ2018 እንዲህ ይዘረዝራል። 5500 እና 2018 ሲደመሩ ዓመተ ዓለም (ከፍጥረት ጀምሮ የሚቆጠረው ዓመት) 7518። ለ4 ሲካፈል ድርሻው (መጠነ ራብዒት) 1879፣ ቀሪው 2፤ ዘመኑ ማርቆስ ነው። 7518 እና 1879 ተደምረው በ7 ሲገደፉ (ለ7 ተካፍለው ቀሪው ብቻ ሲያዝ) 3 ይቀራል፤ ቆጠራው 1 ብሎ ከማክሰኞ ስለሚነሣ መስከረም 1 ሐሙስ ይሆናል። 7518 በ19 ሲገደፍ ቀሪው (መደቡ) 13፤ አንድ ሲቀነስ ወንበር (በ19 ዓመቱ የጨረቃ ዙር ውስጥ ያለው ተራ) 12። ወንበሩ በ11 ተባዝቶ በ30 ሲገደፍ አበቅቴ (የፀሐይ ዓመት ከጨረቃ ዓመት የሚበልጥበት የቀን ቆጠራ) 12፤ በ19 ተባዝቶ በ30 ሲገደፍ መጥቅዕ (በዓለ መጥቅዕ የሚውልበትን ቀን የሚሰጠው ቁጥር) 18። መጥቅዑ ከ14 ስለሚበልጥ በዓለ መጥቅዕ መስከረም 18 እሑድ ዋለ (ከ14 ቢያንስ ጥቅምት ላይ ይውል ነበር፤ 14 የሚባል መጥቅዕ ራሱ አይገኝም)። የእሑድ ተውሳክ (ለዕለቱ የተመደበው ተደማሪ ቁጥር) 7 ሲጨመርበት መባጃ ሐመር (አጽዋማትና በዓላት የሚወጡበት ቁጥር) 25፤ ጾመ ነነዌ የሚገባው ጥር 25። በዚህ ላይ የትንሣኤ ተውሳክ 9 ሲታከል 34፤ 30 ተገድፎ ሚያዝያ 4።

ስሕተት የሚገባው ግን እንዲህ ባለ ገር ዓመት አይደለም። ስለዚህ አዲስ መተግበሪያ ሲጫን መጀመሪያ 2019 ይጠየቅ። የዕለት ተውሳክ ከእሑድ 7፣ ከሰኞ 6 እያለ ወርዶ ዓርብ 2 ይደርሳል፤ ቅዳሜ 8 ነው። የሳምንቱን ቀን ከ1 እስከ 7 ብቻ እንዲቆጥር የተጻፈ ፕሮግራም ቅዳሜን 1 ያደርገዋል። በ2019 መጥቅዕ 7 ሲሆን ጥቅምት 7 ደግሞ ቅዳሜ ነው። ትክክለኛው ነነዌ የካቲት 15፣ ትንሣኤ ሚያዝያ 24፤ የተሳሳተው የካቲት 8 እና ሚያዝያ 17 ይላል። የጎደለው ልክ አንድ ሳምንት በመሆኑ ነነዌ ሰኞ፣ ትንሣኤም እሑድ እንደዋሉ ይቀራሉ፤ ስሕተቱ ዐይን ውስጥ አይገባም።

ከሁሉ የሚያታልለው 2024 ነው። 7524 በ19 ሲገደፍ ምንም አይተርፍም፤ መደቡ 19፣ ወንበሩ 18 መባል አለበት። ከ0 ላይ አንድ ቀንሶ በአሉታዊ ቁጥር የሚሄድ ማስያ አበቅቴን 19፣ መጥቅዕን 11 ያወጣል፤ ትክክሉ 18 እና 12 ነው። ሁለቱም ጥንዶች ድምራቸው 30 ስለሆነ የተለመደው ማረጋገጫ አይዛቸውም። ጥቅምት 12 ሐሙስ ተውሳኩ 3፣ ጥቅምት 11 ረቡዕ ተውሳኩ 4፤ በሁለቱም መባጃው 15፣ ትንሣኤም ሚያዝያ 24። መልሱ ትክክል፣ ስሌቱ ብልሹ። ጥቅምት 12 ቅዳሜ በሚውልበት ተመሳሳይ ዓመት ግን ይኸው ማስያ ትንሣኤን በሳምንት ያስቀድማል። ቀጥሎ 2025 ይጠየቅ፤ ወንበሩ አልቦ (0)፣ አበቅቴው አልቦ፣ መጥቅዑ 30 ነው። መጥቅዕ 0 የሚል አይታለፍ። ልደትንም ማየት አይከፋም፤ 2020 ዘመነ ዮሐንስ ስለሆነ ታኅሣሥ 28 ይከበራል።

አንዳንድ መተግበሪያ የጨረቃ ምስል ይለጥፋል። ያምራል፤ ከቀመሩ ጋር ከተቀላቀለ ግን ያሳስታል። ባሕረ ሐሳብ የሚቆጥራት ጨረቃ በእስክንድርያው ሊቀ ጳጳሳት በድሜጥሮስ ስም የሚጠራው ቀመር የወሰናት ናት። 19 ዓመት፣ ዓመቱ 365 ቀን ከሩብ ሲሆን፣ ከ235 የጨረቃ ወራት በአንድ ሰዓት ተኩል ያህል ይበልጣል፤ ይህ ተጠራቅሞ በ308 ዓመት ገደማ አንድ ቀን ይሆናል። ለዚህ ነው በ2018 ቀመሩ ሙሉ ጨረቃን መጋቢት 28 ሲያደርስ የሰማይዋ መጋቢት 24 ንጋት ላይ የሞላችው። ቀመሩን በሰማይዋ ጨረቃ «የሚያርም» ማስያ ቤተ ክርስቲያን የማታከብረውን ቀን ሊያወጣ ይችላል። የቆጠራው መነሻ ራሱ የሃይማኖት ቁጥር ነው፤ 5500 ለአዳም የተገባው የአምስት ቀን ተኩል ተስፋ ነው። ሁለቱን ጨረቃዎች ለየብቻ፣ ስማቸውን ጽፎ የሚያሳይ መተግበሪያ ካለ ይመረጥ።

ሰንጠረዡን በተመለከተ፣ የመቶ ዓመት ዝርዝር ከሚይዘው ይልቅ 532 መስመር ያለው ዋጋ ያወጣል። የፀሐይ 28 እና የጨረቃ 19 ተባዝተው ዐቢይ ቀመር 532 ይሆናሉ፤ ሲሞላ ዕለቱም፣ ወንጌላዊውም፣ አበቅቴውም ይመለሳሉ። 7518 የ15ኛው ዐቢይ ቀመር 70ኛ ዓመት ነው፤ ስለዚህ በ1486ም ትንሣኤ ሚያዝያ 4 ነበር። የድሮ ዜና መዋዕል ወይም የብራና ማስታወሻ ለሚመረምር ሰው ይህ ትልቅ ነገር ነው።

ከመክፈል በፊት ባለ 19 መስመሩ ክፍል ላይ አበቅቴው በየመስመሩ በ11 መጨመሩ፣ 30 ሲያልፍ መገደፉ ይታይ። ከወንበር 18 ወደ አልቦ ሲዞር ብቻ በ12 ይዘላል፤ እዚያ 11 የጨመረ ሰንጠረዥ አይገዛ። በግእዝ ቁጥር የታተመው ላይ ፮ እና ፯ በደቃቅ ፊደል ስለሚመሳሰሉ ኅትመቱ ጎላ ያለውን መምረጥ ይሻላል።